የጠሪዋ ቦረቦር

ከማንኩሳ አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ገጠር በሚገባ ባጃጅ ተሳፍሬያለሁ። እግሬ ሥር አንድ ጆንያ በርበሬ ተጋድሟል፤ ባለቤቱ ከሾፌሩ አጠገብ ተጣብቆ ያንቀላፋል። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ከጆንያው ስፌት ብናኝ ቡን ይልና አፍንጫዬን ይሞላዋል። አነጠስሁ፤ መልሼ አነጠስሁ። ይማርሽ ያለኝ ሰው የለም። በበርበሬ አገር ላነጠሰ ሁሉ ይማርህ ሲባል ቢዋል ሌላ ሥራ የሚሠራ አይኖርም።

መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ሾፌሩ የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረገው። መዝሙር ነው። ከዚያም ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘጋው።

«ምነው፣ ባትሪ ጨረሰ?» አልሁት።

«አይ እህቴ። ለአገሩ እንግዳ ነሽ መሰል? ይኼ የጠሪዋ ቦረቦር ነው። እዚህ ጋ ስልክ አላነሣም።»

«ስልኩ ደግሞ ምን በደለ?»

«አንዴ ጮሆ ዝም ካለ እሷ ናት። ሰው ከሆነማ ደግሞ ይደውላል።»

ሳልጠይቀው ቀጠለልኝ። ጠሪዋ ሙሽራ ነበረች አሉ፤ ቬሎ እንደ ለበሰች ከነሚዜዎቿ ገደል ገብታ የቀረች። ሲመሽ ከቦረቦሩ ትወጣና ሾፌሩን በገዛ እናቱ ድምፅ በስሙ ትጠራዋለች። አቤት ካለ መሪው ራሱ ወደ ገደሉ ይዞራል። እሱ በዓይኑ አላያትም፤ ያያትን ሰው የሚያውቅ ሰው ግን ያውቃል።

እንዲህ ያለ ወሬ ሌላ ቦታ ብሰማ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ።

«ሙሽራ አልነበረችም» አልሁት። «ቬሎም አልለበሰችም። ከገበያ ስትመለስ ነው፤ የለበሰችው የሥራ ልብሷን ነበር። ስምም አላት፤ እናኑ ትባላለች።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ከዚያ መዝሙሩን ከፊተኛው አብልጦ ከፍ አደረገው።

ነገሩን ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያን ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሞቹ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዟት፤ አባቴ ከሥራው ጋር እኔን መንከባከብ አቃተውና እስክትገላገል ድረስ ገጠር አክስቱ ዘንድ እንድሰነብት ተወሰነ። ትምህርቱ ይደርሳል ተባለ። «ወንድም ወይም እህት ሲመጣልሽ እንወስድሻለን» አሉኝ። እኔ እንደ ገባኝ ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን ለሁለት ልጅ የሚሆን ቦታ ስለሌለው አንዱ ሲገባ አንዱ መውጣት ነበረበት። አላለቀስሁም። አባቴ «ልጄ እንዴት ጎበዝ መሰለቻችሁ» እያለ ለሰው ሲያወራልኝ ሰማሁት። ጉብዝና አልነበረም፤ አኩርፌ ነው።

የአባቴ አክስት እማማ አንጓች ማንኩሳ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ የወፈረ ሴት ነበሩ። የተሳፈርነው በጎረቤታቸው በአያ ቢረስ የፈረስ ጋሪ ነው። አያ ቢረስ ዘሩ ከአዊ ስለሆነ ፈረሱን ሲያባብለው በአገውኛ፣ ሲሰድበው በአማርኛ ነበር። ሚስቱ እትዬ ደብሬ ከጎኔ ተቀምጣ የከተማ ልጅ ምን እንደምትበላ፣ ማን ፀጉሯን እንደሚሠራት፣ እናቴ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ሳትተነፍስ ጠየቀችኝ። ይህች ወሬ የማያልቅባት ሴት ቁልቁለቱ ጫፍ ስንደርስ ድንገት ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። አያ ቢረስም ዝም አለ።

ከመንገዱ ዳር ትልቅ ቦረቦር አለ። ጎርፍ በየክረምቱ እየበላው መሬቱን ለሁለት የሰነጠቀው፣ ሥሩ ሸምበቆ የበቀለበት ነው። ነፋስ ሸምበቆውን ሲነካው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ በቀር ምንም አልተሰማም። ማንም ማንንም አልጠራም። እማማ አንጓች ግን ወደ ቦረቦሩ ዞረው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣

«አቤት! መጣሁ!» አሉ።

እትዬ ደብሬ አማተበች። አያ ቢረስ ፈረሱን በአማርኛ ሰደበና በአለንጋ ነካው። እማማ ምንም እንዳልተፈጠረ ነጠላቸውን አስተካክለው «ርቦሻል?» አሉኝ። ርቦኝ ነበር፤ ግን ወደ ማን ቤት እየሄድሁ እንደሆነ እንኳ ማወቅ አቃተኝና ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በእኛ አገር ሲመሽ ወይም ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ስምህ ቢጠራ ቶሎ ብለህ አቤት አትልም። ጆሮህን ጥለህ ትጠብቃለህ። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፤ ሰው ያልሆነ ግን ከአንዴ በላይ አይጠራም ይባላል። እናቴ ከተማ ተቀምጣ፣ መብራት በበራበት ቤት ውስጥ ሆና እንኳ በር ላይ አንዴ ሲጠሯት መልስ አትሰጥም ነበር። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እሳት አትንኪ እንደሚባለው ያለ ነገር ነው።

እማማ አንጓች ይህን አንድ ሕግ አይቀበሉም። ጾም አይገድፉም፣ በዓል አይሽሩም፣ የሰው ነገር ከሰው አያደርሱም፤ ከጠሯቸው ግን ጥሪው ሳያልቅ አቤት ይላሉ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ከአጥር ውጭ «እማማ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እጃቸው ላይ የነበረውን ወንፊት እንኳ ሳያስቀምጡ «አቤት!» አሉ። እትዬ ደብሬ እየተቆጣች ገባች።

«እማማ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ማን እንደሆነ ሳያውቁ አቤት አይበሉ እኮ!»

«አንች ነሽ እንጂ።»

«እኔ ባልሆንስ?»

«ባትሆኝስ? የሚጠራ የቸገረው ነው።»

«ሰው ያልሆነ ነገር ቢሆንስ?»

«ኤዲያ! ሰው ያልሆነ ነገር እኔን አሮጊቷን ምን ይሠራልኛል? ይልቅ ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚ።»

እትዬ ደብሬ ሲያቅታት ወደ እኔ ዞረች። «አንች ደግሞ ይህን እንዳትለምጅ» አለችኝ።

በርበሬው የደረሰው እኔ በሄድሁ ሰሞን ነው። ለቀማ ሳንጀምር እማማ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ጥፍሬን ከሥር ከሥሩ ቆረጡልኝ። «በርበሬ የሚለቅም ሰው ጥፍር ካበቀለ ዓይኑን ይፈጃል» አሉ። ዓይኔን እንደማላሽ ቃል ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ሳይጋመስ አሸሁት። ያለቀስሁት ለቅሶ ለእናቴም ለቤቴም የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ የወጣበት ነበር፤ ምክንያት አግኝቼ ነው። እማማ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ዓይኔ ውስጥ ወተት ጠብ ጠብ አደረጉልኝ። አልተቆጡም። «ሁሉም አንዴ ያሸዋል» አሉና ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

የተለቀመው በርበሬ ተከምሮ ይታፈናል፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ ገና አረንጓዴ የነበረው ሁሉ ይቀላል። ከዚያ አውድማ ላይ ይሰጣል። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሲያዩት የእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ቀይ ነበር። ጧት ጤዛ ሲነካው ሽታው የበሰለ ፍሬ ይመስላል፤ ቀትር ላይ ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያነጥሱ ነበር። እኔ ዶሮ ሲያነጥስ ያየሁት ያን ዓመት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ማጨቁ ነው። የደረቀ በርበሬ ፀሐይ ከበረታበት ይሰባበራል። ስለዚህ ጧት ጤዛ ሳይለቀው ጆንያ ውስጥ ይገባና ልጅ ይረግጠዋል፤ ትልቅ ሰው ከረገጠው ይደቅቃል። እኔና የእትዬ ደብሬ ልጅ ውዴ አፋችንን በጨርቅ አስረን በየጆንያችን ውስጥ እንቆማለን። እማማ ከላይ በርበሬ ይጨምራሉ፣ እኛ እንረግጣለን፣ በረገጥን ቁጥር ከፍ ከፍ እንላለን። ውዴ «አደግሁ! አደግሁ!» እያለች ትጮህ ነበር። ብናኙ ግን ጨርቁን አልፎ ጉሮሮ ይገባል። ውዴ ከሕፃንነቷ ስለ ለመደችው ብዙም አልጎዳት። የኔ ድምፅ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ወፈረ፣ ከዚያ ይቆራረጥ ጀመር።

ውዴ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈታችው። ጠሪዋ አቤት ያላትን ሰው ድምፁን ትወስዳለች አለችኝ። እማማ አንጓች ዕድሜያቸውን ሙሉ አቤት ሲሉ ስለ ኖሩ የራሳቸው ድምፅ ከተወሰደ ቆይቷል፤ አሁን የሚናገሩበት የሞተ ወንድ ድምፅ ነው። ለዚህም ነው የሚወፍረው። «አንችም እሳቸው ቤት ስለምታድሪ ያንችን እየወሰደችው ነው። ስትጨርሰው በምን ልትናገሪ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ከመተኛቴ በፊት ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስሜን ቀስ ብዬ እጠራ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ቀረልኝ ለማየት። ስመኝ። ስመኝ። በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። እማማ ጉሮሮዬን በቅቤ ሊያሹልኝ ሲመጡ የተኛሁ እመስልና፣ ድምፄን ጎትተው ሊያወጡት ነው ብዬ ጥርሴን እነክሳለሁ። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ ሲያሹ ግን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ሊገባኝ አልቻለም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ሰዎች ስለ ጠሪዋ እያወሩ እማማ ብቅ ካሉ ወሬው ይቋረጣል። ሁሉም ወደ መሬት ያያል። እኔ እሳቸውን ስለሚፈሯቸው ነው ብዬ ነበር። አፍረው እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

በዚያ ሰሞን በአንዱ የገበያ ቀን እማማ ቤት ቀሩ። ወቅቱ ያልሆነ ደመና እየተሰበሰበ ነበር፤ የዓመቱ በርበሬያቸው ደግሞ አውድማ ላይ ተሰጥቷል። የደረቀ በርበሬ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ ይነጣል፣ ገዢ ዞሮ አያየውም። ከዚያ ሌላ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። «እኔ ሰማዩን ልጠብቅ። አንች ከደብሬ ጋር ሂጅና ጨው ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ማንኩሳ ገበያ የከተማ ሽታ ነበረው፤ ናፍጣና ቦንቦሊኖ።

ስንመለስ አያ ቢረስ ጋሪውን ዕቃ ሞልቶ ከፊት ይነዳል፣ ሴቶቹ ከኋላው፣ ልጆች እንደየእግራቸው። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ አንድ የእንኮይ ዛፍ አለ። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሥሩ ረግፏል። ሌላው ሰው ያን ፍሬ አይነካም፤ እኔ ግን እንኮይ በገበያ ካልሆነ መሬት ላይ ወድቆ አይቼ አላውቅም። እትዬ ደብሬ ከውዴ ጋር ያለሁ መስሏታል፤ ውዴ ደግሞ ከእናቷ ጋር። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳነሣ የቆምሁበት አፈር ከሥሬ ሄደ።

ከሥር ደርሼ ልቆም ስል አንዱ እግሬ አልቆም አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ ወደማይሆን ወገን ዞሯል። ቀና ስል የቦረቦሩ ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሰማዩ ጠባብ ነው። የጋሪው ጎማ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ገና አልራቁም። ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ፣

«እትዬ ደብሬ!» አልሁ።

የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። ወፍራም፣ የተቀደደ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ቦረቦሩ ደግሞ አስተጋብቶ አሳደገው። እኔው ራሴ ደንግጬ ማን እንደ ጠራ ዞሬ አየሁ። ከላይ ኮቴው ሁሉ ቆመ። ጎማውም ቆመ። ደግሜ እንድጠራ እየጠበቁ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሳልሁ፣ ምራቄን ዋጥሁ፣ እንደገና ሞከርሁ። ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ እትዬ ደብሬ «በስመ አብ!» ስትል፣ አያ ቢረስ ፈረሱን ሲሰድበው፣ ጋሪው ሲሮጥ ሰማሁ።

ሲርቁ እያዳመጥሁ እንደ ሞኝ አፌን እከፍትና እዘጋ ነበር።

ቆይቶ የአህያ ኮቴ መጣ። ድንጋይ አንሥቼ ወደ ላይ ወረወርሁ፤ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሸምበቆውን ነቀነቅሁት። አህያዋ ቆመች። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከላይ፣ እየተንቀጠቀጠ፣

«እናቴ፣ ነፍስሽን በገነት ያኑራት። እኔ ምንም አላደረግሁሽም። ልለፍበት ብቻ» አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ተወርውሮ አጠገቤ ዷ አለ። ቁራሽ ዳቦ ነው። ሽማግሌው አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ዳቦውን ይዤ ተቀመጥሁ። ለነፍሴ ተጸልዮልኛል፤ እንግዲያው ሞቼ ይሆን? የዚያን ጊዜ ይህ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ሰዎች ሰምተውኝ ሮጠዋል፣ ድምፄ የኔ አይደለም፣ ያለሁትም ጠሪዋ የምትኖርበት ነው። ዳቦውን ገመጥሁት። ሙት ዳቦ እንደማይበላ ስለማውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። እየበላሁ ስለሷ አሰብሁ። እሷም እዚህ ተቀምጣ እንዲህ ወደ ላይ እያየች ነበር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ይፈራታል እንጂ ማንም ወርዶ አይቷት አያውቅም። አሳዘነችኝ። ፍርሃቴ ያን ጊዜ ለቀቀኝ፤ የቀረው ብርዱና እግሬ ነው።

ዝናቡ የጀመረው ከላይ በኩል ነው። እኔ ጋ ገና ሳያካፋ ከሸምበቆው ሥር ውሃ ሾለክ ሾለክ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ጣቴን ነካኝ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደረሰ። ጎርፍ ቦረቦርን ምን እንደሚያደርገው ክረምት ክረምት ፍኖተ ሰላም ላይ ስላየሁ አውቃለሁ። ሥሮቹን ይዤ ልወጣ ሞከርሁ፤ አፈሩ እጄ ላይ ተናደ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«አቤት!»

ከሩቅ ነው። እኔ አልጠራሁም፤ የምጠራበት ድምፅ ከጨረስሁ ቆይቷል።

«አቤት! መጣሁ!»

እየቀረበ መጣ። በየጥቂት እርምጃው አቤት ይላል፤ ያንን ቁልቁለት በሙሉ አቤት እያለ ወረደ። ማንም ሳይጠራ። የማውቀው ወፍራም ድምፅ ነው። ሸምበቆውን በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅሁት፣ ነቀነቅሁት።

«አየሁሽ! አየሁሽ! እንዳትነቃነቂ!»

እማማ አንጓች በዚያ ዕድሜያቸው በቂጣቸው ተንሸራትተው ቦረቦሩ ውስጥ ወረዱ። ነጠላ የላቸውም፣ ጫማም የላቸውም። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉትና አዩኝ።

«እናኑ» አሉ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡት።

«ስመኝ» አሉ። «ስመኝ ነሽ።»

አንሥተው አዘሉኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። መውጣት ግን አልቻሉም፤ ግድግዳው ለጎልማሳም አይመችም። «ቢረስ ገመድ ይዞ ከኋላዬ ነው። ደብሬ ስትገባ 'ዛሬም ጠራች፣ ደግሞ በስሜ' ብላ ነገረችኝ፤ ስመኝስ የት አለች አልኋት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ላይ እያዩ ጠየቁኝ፤ «ጠርተሽ ነበር?»

«አንዴ» አልሁ በትንፋሼ። «ደግሜ መጥራት አቃተኝ።»

ሲተነፍሱ ጀርባቸው ከነእኔ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል።

«እናኑ እህቴ ናት፣ ታናሼ» አሉ። «ያን ዓመትም በርበሬ ስንረግጥ ከርመን ጉሮሯችን ተዘግቶ ነበር። ከገበያ ስንመለስ ኋላ ቀረች። አንጓች ብላ ጠራችኝ። ድምፁ የሷ አይመስልም። አቤት ልል ስል አብረውኝ ያሉት አፌን ያዙኝ። ደግማ ትጥራ አሉ። እኔም ፈራሁ። ደግማ ትጥራ አልሁ። ቆመን ጠበቅናት።»

«ጠራች?»

«በምን ጉሮሮዋ የኔ ልጅ? አንችስ መቼ ደግመሽ ጠራሽ?» ከፍ አድርገው አስተካክለው አዘሉኝ። «ዝናብ ነበር። በማግሥቱ እዚህ፣ ሸምበቆው ውስጥ አገኘናት። ሰዉ እኛ ነን የተውናት ከሚል ጠሪ ናት አለ። ጋኔን አደረጓት። እናኑ እኮ ዶሮ ሲታረድ ዓይኗን የምትሸፍን ልጅ ነበረች።»

ጉንጬን ጀርባቸው ላይ ለጠፍሁ። ድምፃቸው በአጥንታቸው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ የሞተ ወንድ ድምፅ አልነበረም። የበርበሬ ድምፅ ነው። ዕድሜ ልክ በርበሬ ያጨቀ ሰው ድምፅ። ልክ እንደ እኔ።

አያ ቢረስ ገመዱን ወርውሮ ሲያወጣን እትዬ ደብሬ አፋፉ ላይ ደረቷን እየደቃች ታለቅስ ነበር። «አንች ነሽ የጠራሽኝ? ልጄን ጥዬ ሮጥሁ? ወየው ጉዴ!» ትላለች። አያ ቢረስ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ድምፁ እኮ የልጅ አይመስልም ነበር፣ እማማ» አለ።

«የእናኑም የእናኑ አይመስልም ነበር» አሉ እማማ።

ቤት ስንደርስ የእማማ አውድማ ውሃ ተኝቶበታል። በርበሬው ተንሳፍፏል። ዝናቡ ሲመጣ አንድ ክምር እንኳ ሳያነሡ ጥለውት ወጥተዋል። ቆመው አዩት፤ ከዚያ እኔን አስገብተው እሳት አነደዱ። በነጋታው ማንም ሳይጠራቸው የሰፈሩ ሴቶች መጡ። የተረፈውን እየለዩ አሰጡት፤ እያንዳንዷም ከራሷ በርበሬ አንድ ቁና ይዛ መጥታ ጨመረችበት። እትዬ ደብሬ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ያን ቀን ነው አንዲት አሮጊት፣ ከእማማ የሚበልጡ፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው «አንጓች፣ ያን ጊዜ አፍሽን የያዝሁት እኔ ነኝ» ሲሉ የሰማሁት። እማማ «አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ሁለቱም የሻገተውን ከደህናው መለየት ቀጠሉ።

እግሬን ወጌሻ አሸው። ድምፄም ከማጨቁ ስገለል ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ውዴ ጠሪዋ ይቅር ብላሻለች አለችኝ። እኔ ግን ለውዴ ስለ እናኑ ነገርኋት፤ የዶሮዋንም ነገር ነገርኋት። ውዴ ብዙ ካሰበች በኋላ «እኔም ዶሮ ሲታረድ አላይም» አለች።

እናቴ በሰላም ተገላገለች። አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ወንድም ነው የመጣው፤ ቤታችን ደግሞ ለሁለት ልጅ ይበቃል አለ። እማማ እስከ ማንኩሳ ሊሸኙን አብረውን ጋሪው ላይ ወጡ። ቦረቦሩ ጋ ስንደርስ አያ ቢረስ ፈረሱን አላስሮጠውም፤ ልጓሙን ያዝ አደረገና አዘገመ። እትዬ ደብሬ አፏን አልሸፈነችም። ሁላችንም ወደ እማማ አየን። ነፋስ ሸምበቆውን ነካው፤ እሳቸው የኔን ሻሽ እያሰሩ ነበር። ማሰሩን ጨረሱ። አለፍን።

«እማማ» አልሁ፣ በተመለሰው ድምፄ፣ «ዛሬ አቤት አላሉም እኮ።»

«አቤት የሚባለው እስኪደርሱ ነው» አሉ። «እኔ ደርሻለሁ።»